በጉንጭ ላይ የቀረ ሳቅ

ሰው ስቆ ስቆ በጉንጩ ላይ የቀረችውን መስመር ማስጠፋቱ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄው መጀመሪያ ሲሰሙት ያስቃል። አገሩ ስንት ጣጣ እያለበት፣ ለተመራቂ ሥራ ማግኘት እንዲህ ዳገት ሆኖ ሳለ፣ ስለ ጉንጭ እጥፋት ሐተታ መጻፍ ሥራ መፍታት ነው የሚለን አይጠፋም። እኛ ግን ትንሽ በሚመስል ነገር ውስጥ ትልቅ ጥያቄ ተደብቆ ይገኛል ብለን እናምናለንና አንባቢያችን ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን።

የምንነጋገርባት መስመር ከአፍንጫ ግራና ቀኝ ተነሥታ ወደ ከንፈር ጥግ የምትወርደው እጥፋት ናት። በአጭሩ የሳቅ መስመር እንበላት። በአዲስ አበባ ይህችን መስመር እናለሳልሳለን የሚሉ የቆዳና የውበት ክሊኒኮች ማስታወቂያ ማየት ከጀመርን ሰነባብተናል። እንዲህ ያለው ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ ሁለት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ያሳያል፤ ከአንዱ ሥር «በፊት»፣ ከሌላው ሥር «በኋላ» ይላል። «በፊት» የተባለው ፊት የታመመ ፊት አይደለም። ቁስል የለበትም፤ እብጠት የለበትም። አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ፊት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ከሲሬ፣ ከኢተያ፣ ከዴራ የመጣን ተማሪዎች ያንን ፊት ደኅና አድርገን እናውቀዋለን። የእናቶቻችንና የአክስቶቻችን ፊት ነው። ታዲያ ይህ ፊት «በፊት» ተብሎ የሚተው ከሆነ ምን ጎድሎት ነው?

በዚህ ጉዳይ ላይ ከየዶርሙ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንደኛው «የሀብታም ቅብጠት ነው፤ ተዉት ባካችሁ» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ፊቷ የራሷ፣ ገንዘቧ የራሷ፤ እናንተን ምን አገባችሁ?» ይላል። ሁለቱም ውይይቱን ለመዝጋት የሚመዘዙ መልሶች ናቸው። የመጀመሪያው ሰውየዋን ሳይጠይቅ ይፈርድባታል። ሁለተኛው ሰው ብቻውን በባዶ አገር የሚኖር ይመስል ያወራል። እስቲ እኛ ከነገሩ ከራሱ እንጀምር።

የሳቅ መስመርን ዕድሜ ብቻውን አይፈጥራትም። ሕፃን ሲስቅ ወይም ሲያለቅስ ጉንጩን ብናይ እዚያው ናት፤ ፊቱ ሲረጋ ትጠፋለች። ስንስቅ የጉንጭ ጡንቻዎች የከንፈራችንን ጥግ ወደ ላይና ወደ ጎን ይስቡታል። ያን ጊዜ የጉንጩ ሥጋ ይገፋና ከከንፈር በላይ ካለው ቆዳ ጋር በሚዋሰንበት ድንበር ላይ ይታጠፋል። የወጣት ቆዳ ወዲያው ተመልሶ ይዘረጋል። ዕድሜ ሲገፋ ግን ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ይሳሳል፤ የጉንጭ ስብም ከቦታው ዝቅ ይላል። ያኔ እጥፋቷ በማንስቅበት ሰዓትም እንደታጠፈች ትቀራለች።

ዕድሜን የሚያግዘው ደግሞ ፀሐይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አሰላ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጭላሎ ተራራ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በአርሲ ደጋ ስንዴ ሲያጭድ ወይም ከብት ሲጠብቅ የሚውል ሰው ብርዱ ፀሐዩን ያስረሳዋል እንጂ ጨረሩ እርሱን አይረሳውም። በ2012 እ.ኤ.አ. ኒው ኢንግላንድ በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ 28 ዓመት የጭነት መኪና የነዳ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወጥቶ ነበር። በመስኮቱ በኩል የነበረው ግራ ፊቱ ተሸብሽቦ የቀኙ ታላቅ ወንድም መስሏል። ስለዚህ አንዲት የሲሬ ገበሬ ከአዲስ አበባዋ እኩያዋ ይልቅ ፊቷ ቢጨማደድ ብዙ ጊዜ ሥራዋ ነው የተጻፈባት።

ሐኪም ቤት ውስጥ ይህች መስመር ሌላም አገልግሎት አላት። ፊቱ ጠመመ ወይም አካሉ በድንገት ዛለ የተባለ ሰው ሲመጣ ሐኪሙ «እስቲ ፈገግ ይበሉ» ይለዋል። ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ሁለቱ የሳቅ መስመሮች እኩል መሆናቸውን ነው። በአንድ ወገን ያለችው ተደልድላ ከጠፋች የፊት ነርቭ ወይም አንጎል ተጎድቶ ሊሆን ይችላልና ሐኪሙ ይደነግጣል። እንግዲህ በማስታወቂያው ላይ ጉድለት የተባለችው መስመር ሐኪሙ ዘንድ መኖሯ ደግ ነው። ይህን ስንል ክርክሩን አሸነፍን ማለታችን አይደለም። ጤነኛ ጥርስም ይስተካከላል፤ ማንም አይከለክልም። ነገር ግን «ጉድለት» የሚለው ቃል ከአካሉ ከራሱ እንዳልመጣ፣ ሰው ከውጭ አምጥቶ እንደለጠፈው ያሳየናል።

አሁን ደግሞ መድኃኒቱን እንመልከት፤ ሳያውቁ መንቀፍ ከተማሪ አይጠበቅምና። ከሁሉ የሚረክሰው ባርኔጣ፣ ጥላና ፀሐይ የሚከላከል ቅባት ነው። ያለውን ባያጠፋም የሚመጣውን ያዘገያል። ቀጥሎ ከቫይታሚን ኤ ዘር የሆነው ትሬቲኖይን አለ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለቆዳ መሸብሸብ ተፈቅዷል። በወራት ውስጥ ቀጫጭን መስመሮችን ያቀልላል፤ ጥልቅ እጥፋትን ግን ብዙም አይነካም፤ ነፍሰ ጡር ሴትም አትቀባውም። ቦቱሊነም የተባለው ከተበላሸ ምግብ የሚታወቀው መርዝ ደግሞ እጅግ በትንሹ ተመጥኖ ጡንቻን ለማላላት ይወጋል። በ2002 እ.ኤ.አ. በዚያው በአሜሪካ በቅንድቦች መካከል ላለው ሽብሽብት ተፈቅዷል። ለሳቅ መስመር ግን ብዙ ጊዜ አይመረጥም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ መስመሯን የሚሠሩት ጡንቻዎች ሳቁን ራሱን የሚሠሩት ናቸው። እነርሱ ከላሉ ሳቁ ይጣመማል።

ለዚህች መስመር በብዛት የሚሠራበት መሙያ ነው። ቀድሞ፣ በ1981 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው መሙያ ከከብት ቆዳ የተገኘ ኮላጅን ነበር። ዛሬ የተለመደው ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው። ይህ ንጥረ ነገር መጀመሪያ በ1934 እ.ኤ.አ. ከላም ዓይን ውስጥ ተለይቶ የወጣ ሲሆን በራሳችን ቆዳ ውስጥም አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ለዚህችው እጥፋት ተፈቀደ። በመርፌ ከእጥፋቷ ሥር ይገባና ቆዳውን ከፍ ያደርገዋል። ውጤቱ ወዲያው ይታያል፤ ካልተወደደም የሚያሟሟው ሌላ መርፌ አለ። ነገር ግን ከወራት እስከ አንድ ዓመት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ቆይቶ ሰውነት ይመጠዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ሳይሆን እንደ ቤት ኪራይ ተመላልሶ የሚመጣ ወጪ ነው።

አደጋውም መነገር አለበት። ፊትን የሚመግበው የደም ሥር በዚችው መስመር አጠገብ ያልፋል። መሙያው ተሳስቶ ከደም ሥሩ ውስጥ ቢገባ ቆዳው ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል፤ አልፎ አልፎም ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። በጨረርና ቆዳን በሚልጥ ኬሚካል የሚሠራውም ቢሆን እንደኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ልምድ በሌለው እጅ ከተሠራ ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። ከሁሉ የባሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሱቅ የሚገዛው ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ነው። ለጊዜው ፊትን ያቀላል፤ ሲቆይ ግን ቆዳውን አሳስቶ ለመሸብሸብ ያጋልጠዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። መርፌውን የያዘው ሰው ሐኪም ነው ወይስ ፀጉር ሠሪ ብሎ መጠየቅ እንግዲህ የውበት ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወገኖች «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እናቶቻችን በተፈጥሮ ውበታቸው ኖረዋል» ይሉናል። ይህ አባባል ግን ውሃ አይቋጥርም። እናቶቻችን መቼ ፊታቸውን ለተፈጥሮ ትተውት ያውቃሉ? ኩል ተኩለዋል፤ እንሶስላ ሞቀዋል፤ ፀጉራቸውን በቅቤ አርሰዋል። በመርፌም ቢሆን ቀድመውናል። ድዳቸውን በመርፌ ወግተው በጥላሸት የተነቀሱ፣ አንገታቸውን በንቅሳት ድሪ የከበቡ ስንት እናቶች አሉን! ሕመሙ ቀላል አልነበረም፤ መርፌው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲዘዋወር በሽታም ይዞ ይዞር ነበር። ዛሬ ደግሞ ከልጆቻቸው መካከል ያንኑ የአንገት ንቅሳት በጨረር ለማስለቀቅ ወደ ክሊኒክ የሚሄዱ አሉ። ስለዚህ «ድሮ ንጹሕ ነበርን» የሚለውን ተረት እንተወው።

ነገር ግን ሁለቱን መርፌዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ልዩነት ይታየናል። ድድ መነቀስ ምን ነበር? ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ እንዲነጣ፣ ሴቲቱ ስትስቅ ሳቋ ከሩቅ እንዲታይ ነው። ያ መርፌ ሳቅን ለማድመቅ ይወጋ ነበር። የዛሬው መርፌ የሚወጋው ሳቅ የተወውን ምልክት ለማጥፋት ነው። የመጀመሪያው «ሳቂ፣ እንይሽ» ይላል። ሁለተኛው «ሳቂ፤ መሳቅሽ ግን አይታወቅብሽ» ይላል። ስንት ዘመን መሳቅን የሚያስነውር ግን የትኛው ኅብረተሰብ ነው?

ወደ ሥነ ምግባሩ ጥያቄ የምንገባው እዚህ ላይ ነው። የፊት ሕክምና ሁሉ አንድ አይደለም። በየካቲት 12 ሆስፒታል ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን ሲሰፋለት፣ በእሳት የተጎዳ ፊት ሲጠገን፣ ሐኪሙ የሚመልሰው ሰው ከሰው ጋር የሚገናኝበትን በር ነው። በአለርት ሆስፒታል የሥጋ ደዌ የፊት ነርቩን ስለጎዳበት ዓይኑን መክደን ያቃተው ሰው ሲታከምም እንዲሁ። በእነዚህ ላይ ማን ክርክር ያነሣል? በሌላው ጫፍ ደግሞ ምንም ያልጎደለውን ፊት ጎደለህ ብሎ መርፌ የሚሸጥ ነጋዴ አለ። አስቸጋሪው በሁለቱ መካከል ያለው ሰው ነው። ሳታዝን «ምነው አዘንሽ?» እየተባለች የተሰላቸች ሴት አለች። በመድረክ የምትኖር ዘፋኝ አለች። በእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ አሥር ዓመት ሠርታ አዲስ አለቃ ሲመጣ «ትንሽ ወጣት ብትሆን» የሚል ሹክሹክታ የሰማች ሠራተኛ አለች። እነዚህን ሴቶች «ከንቱ» ብሎ መስደብ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። የሠራተኛዋ ጉዳይ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ይህችው ሠራተኛ «ፊቷ የራሷ» የሚለውን መልስ ታፈርሰዋለች። እውነት ነው፤ መርፌውን ማንም እጇን ይዞ አላስወጋትም። ግን የሥራ ማስታወቂያው ከሙያ ሌላ ዕድሜና መልከ መልካምነትን ሲጠይቅ፣ ምርጫዋ የራሷ ብቻ ነው ማለት ይቻላል? ነገሩ ደግሞ እዚያ አይቆምም። ከአምስት ጓደኛሞች አራቱ መስመራቸውን ካስጠፉ፣ ምንም ያላደረገችው አምስተኛዋ ትላንት እንደ እኩዮቿ የነበረች ዛሬ ከእነርሱ ያረጀች ትመስላለች። የአራቱ ነፃ ምርጫ የአምስተኛዋ ግዴታ ሆነ። አንዳቸውም ክፉ አላሰቡም፤ ክፉው ነገር ግን ተሠርቷል። ገበያው የሚያተርፈው ከዚህ ነው። በመጀመሪያ ኀፍረቱን ይሸጣል፤ መድኃኒቱ ተከትሎ ይሸጣል።

ፊት የባለቤቱ ብቻ አለመሆኑን ቋንቋችን ራሱ ያውቃል። ደስ ያለው ሰው ፊቱ ይፈታል፤ የተቆጣ ፊቱን ይቋጥራል። ሰውን የናቀ ፊት ይነሣል፤ ያቀረበ ፊት ይሰጣል። የሚሰጥና የሚነሣ ነገር ደግሞ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ነገር ነው። በእርግጥ ጥርስ ባዳ ነው፤ ሆድ እያረረ የሚስቅ አለ። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ1862 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እውነተኛ ሳቅ አፍን ብቻ ሳይሆን የዓይንን ዙሪያ ጡንቻ ጭምር እንደሚያንቀሳቅስ አስረድቶ ነበር። ሆኖም እውነተኛውም ሆነ የይሉኝታው ሳቅ የሚሳቀው ብዙውን ጊዜ ለሌላ ሰው ነው። እንግዳ ስንቀበል፣ ልጅ ስናባብል፣ ሐዘንተኛ ስናጽናና ፊታችን ይታጠፋል። የሳቅ መስመር እንግዲህ ብቻችንን ያላሠራናት መስመር ናት። ግማሹን ያሠሩት ያሳቁን ሰዎች ናቸው።

የዕድሜ ፊት ክብር በአገራችን ልማድ ውስጥ ቦታ ነበረው፤ አሁንም አለው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ ሽበታቸውን ይዘው ይሣላሉ። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ሲንቄ አለ። እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት በትር ናት። ጠብ ሲነሣ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ከመካከል ሲገቡ ተጣይ ወንዶች እጃቸውን መሰብሰብ አለባቸው። ከእነዚያ ሴቶች ፊት ቆሞ ጉንጫችሁ ተሸብሽቧል የሚል ወንድ የለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴንም እናንሣ፤ በ1973 እ.ኤ.አ. በአሰላ አካባቢ የተወለደ የአርሲ ልጅ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀድሞ ሲገባ ዓለም ከእግሩ እኩል የሚያስታውሰው ፈገግታውን ነው። ዛሬ ዕድሜው ከ50 አልፏል። ያንን ፈገግታ ያለ መስመሮቹ ማን ሊያስበው ይችላል?

«ኃይሌ ወንድ ነው» የሚለን ካለ፣ እውነቱን ነው፤ ልናልፈው አንችልም። የወንድ ሽበትና ሽብሽብት «ሰውዬው በሰለ» ያሰኛል። የሴቷ «አረጀች» ያሰኛል። አንድ ዓይነት መስመር በአንዱ ፊት ላይ ማዕረግ፣ በሌላው ላይ ዕዳ ሆኖ ከተነበበ ጥፋቱ ከቆዳው ሳይሆን ከአንባቢው ነው። አንባቢውን ደግሞ በመርፌ አናስተካክለውም።

ታዲያ አቋማችሁ ምንድን ነው የሚለን ካለ እንዲህ ነው። ፊቱን ለማሳከም የሚሄደውን ሰው አንኮንንም። ይልቅስ ከመሄዱ በፊት ራሱን ሦስት ነገር ቢጠይቅ እንላለን። አንደኛ፣ ይህን የፈለገ ማን ነው? እኔ ነኝ፣ አለቃዬ ነው፣ ወይስ ማስታወቂያው? ሁለተኛ፣ ምን ያስከፍላል? ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን አደጋውንና ተመላልሶ የሚመጣውን ወጪ ጨምሮ። ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነው፤ ይህ ሥራ ማንን ይከሳል? ሰው ፊቱን ሳይንቅ ሊያሳምር ይችላል፤ እንሶስላ የሞቀች ሴት እጇን አልናቀችም። የራሱን መስመር እንደ ነውር ቆጥሮ የሚያስጠፋ ግን ሳያስበው ያቺኑ መስመር በተሸከሙት ሁሉ ላይ ይመሰክራል። ከአሰላ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በሲሬ በገበያ መካከል ተቀምጣ ቅቤ የምትሸጠው እናት ይህን ክስ አልሰማችም። ልጇ ግን ሰምታዋለች። ለበዓል ወደ ቤቷ ስትገባ እናቷ በሳቅ ስትቀበላት፣ በእናቷ ጉንጭ ላይ የምታየው ደስታውን ነው ወይስ «በፊት» የሚለውን ጽሑፍ? እኛን የሚያስፈራን ይህ የዓይን መለወጥ ነው። መርፌው የሚነካው የተወጋችውን ብቻ ነው፤ ዓይኑ ግን ያልተወጉትንም ይነካል።

ደግሞም እኛ ተማሪዎች በዚህ ነገር ተመልካች ብቻ አይደለንም። ከመካከላችን ነገ ሐኪም የሚሆን አለ፤ ጤነኛ ፊት ይዛ የመጣችን ሴት «ምንም አልጎደለሽም» ብሎ ገንዘቧን ሳይቀበል የመመለስ ወይም ያለመመለስ ሥልጣን በእጁ ይሆናል። የሠራተኛ ቅጥር ኃላፊ የሚሆን አለ፤ «መልከ መልካም» የሚለውን ቃል ከማስታወቂያው ላይ የሚሰርዝ ወይም የሚጽፍ እርሱ ነው። ጋዜጠኛ የሚሆን፣ የማስታወቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅም አለ። ያ «በፊት» የሚለው ቃል ከእናቶቻችን ፊት ሥር የተጻፈው በሰው እጅ ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ብዕሩ እኛ እጅ ይገባል። ያን ጊዜ ምን እንደምንጽፍ ከወዲሁ ብንነጋገርበት ሥራ መፍታት አይመስለንም።